የቦዩ ዋስ

ሸዋ ሮቢት፣ ጥቅምት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለጋሼ ሙሉቀን ይልማ
ስቱትጋርት

ጋሼ፣ የአባታችን አምላክ አንተንም ባለቤትህን ሔለንንም በጤና ያቆይልኝ። እኔ በእመቤታችን ጥበቃ ደህና ነኝ። ክረምቱ በደህና ወጣ። ሮቢ ወንዝ ሞልቶ ውኃውን ወደ ቦዩ የሚመልሰውን ጠለፋ ወስዶት ነበር፤ ተረዳድተን ጠግነነዋል።

ስልኩ እንደሌለ ነው። አንዳንድ ቀን ይመጣና ሰላም ሳንባባል ይሄዳል። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ የምልከው በላይ ቦዩ ገበሬ በወንድሙ እጅ ነው። ታስታውሰዋለህ፤ ማሳው ከቦዩ ራስ ላይ ነው፣ አሁን አይሱዙ ገዝቶ ሽንኩርት ወደ አዲስ አበባ ያመላልሳል። ሚስቱ አምና አርፋለች። አዲሱ ገበያ ላለው ወዳጅህ ፖስታውን ይሰጠዋል፤ እሱ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልክልሃል። መልስህንም እዚያው በኮምፒውተር አትመው ይስጡት።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። አባባ ካረፈ ወዲህ ቦዩ ተራ የሚያስከብር የውኃ አባት የለውም። ዓይኑ ከደከመ ጀምሮ እጁን ይዤ ቦዩን ስዞር የነበርኩት እኔ መሆኔን የማያውቅ የለም። «ማን ነው ያለ ተራው የከፈተ?» ይላል፤ አይቼ እነግረዋለሁ፤ እሱ ይፈርዳል። በመጨረሻው ዓመት የምፈርደው እኔ ነበርኩ፤ እሱ «እንዳለችው» ብቻ ይል ነበር።

ቅዳሜ ስብሰባ ተደርጎ የታች ቦይ ሰዎች «ዓይናለም ትቀጥል» አሉ። የላይኞቹ አጉረመረሙ። አንዱ «በየወሩ ስትታመም ውኃውም ሊታመም ነው?» ብሎ ሰዉን አሳቀ። በመጨረሻ የተወሰነው ይህ ነው፦ ባሏ ሞቷል፣ አባቷም አልፏል፣ ስለዚህ ታላቅ ወንድሟ ዋስ ሆኖ ቃሉን በጽሑፍ ይስጥ ተባለ። ቀጠሮው የአስተርእዮ ማርያም ዕለት ነው። ዋስ ካልመጣ ሌላ ይመረጣል። ሌላ ከተመረጠ ከላይ ቦይ ነው የሚሆነው። ወንዙ በመጋቢት ሲቀጥን ከላይ ያሉት ይጠጡና የታቹ ማሳ ይደርቃል። የእኔም ማሳ ታች መሆኑን ታውቃለህ።

ሁለት መስመር ጻፍልኝ፤ ሌላ አልፈልግም።

እህትህ ዓይናለም

*

ስቱትጋርት፣ ኅዳር 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም፣ አሜን።

ለማከብርሽ እህቴ ለወይዘሮ ዓይናለም፣ ከሚመጣው ሁሉ ክፉ ይሰውርሽ፤ የአባባን ነፍስ በአብርሃም አጠገብ ያሳርፍልን። እዚህ ያለን ሁሉ ደህና ነን።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ቶሎ ያልመለስኩት አስቤ ለመመለስ ነው። በየሳምንቱ በጉባኤያችን የማስተምረውን ከእህቴ ብደብቅ ሐሰተኛ እሆናለሁ። እግዚአብሔር ሔዋንን የፈጠራት ለአዳም ረዳት እንድትሆነው ነው። ጳውሎስም ለቲቶ ሲጽፍ ሴቶች ቤታቸውን በጥሩ የሚይዙ ይሁኑ ብሏል። ይህ ማዋረድ አይደለም። ማሰሮ ጋን ባለመሆኑ አልተዋረደም፤ እያንዳንዱ የተሠራበት ነገር አለው። የአንቺ ጸጋ አባባን መርዳት ነበር፤ ረድተሻል፤ ዋጋሽን ታገኛለሽ። ወንዶችን መዳኘት ግን ሌላ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ አትቀየሚኝ። ከአብዱልመሊክ ጋር ሁለት ሆናችሁ በቦዩ ዳር የምትታዩት ለምንድን ነው?

ወንድሙ የሰበካ ጉባኤ አባል ነው፣ ጨዋ ነው፣ ብቻውን ነው። አንቺም ብቻሽን ነሽ። በተክሊል ባይሆን በቁርባን ተጋቡ። እሱ የውኃ አባት ይሁን፤ አንቺ አባባን እንደረዳሽው እርጂው። ያኔ የእኔ ዋስትና ምን ያደርግልሻል?

ወንድምሽ ሙሉቀን

*

ሸዋ ሮቢት፣ ኅዳር 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ሙሉቀን፣

ጾሙን ለበረከት ያድርግልህ። ደብዳቤህ በወንድሙ እጅ ደርሶኛል። ፖስታው እንዳልተለጠፈ ነበር፤ አዲሱ ገበያ ሙጫ ጠፍቶ ይሆናል።

አብዱልመሊክ የታች ቦይ ሽማግሌ ነው። አባባ በሕይወት ሳለ ሦስት ሆነን ነበር የምንዞረው፤ አሁን ሁለት ቀረን። ቦዩ አጠገብ ሁለት ሰው የሚታየው ሦስተኛው ስለሞተ ነው። ነገር ግን እኔ ስሙን አልጻፍኩልህም ነበር። ማን ነገረህ?

ረዳት ያልከውን አልክድም። ነገር ግን ረዳትነት ለባል ብቻ ነው የሚል ከየት መጣ? ውኃ የጠማው ማሳ ረዳት አያሻውም? ደግሞ በመጽሐፍ ውኃ ላይ ሴት ማየት ለምን ያስገርማል? የአብርሃም ሎሌ ርብቃን ያገኛት ጉድጓድ ላይ ነው፤ ለእሱም ለግመሎቹም ቀድታ አጠጣች። ጌታም ደክሞት ጉድጓድ አጠገብ ሲቀመጥ ውኃ የለመነው ሴትን ነው፤ ያውም ከወገኑ ያልሆነችውን። ደቀ መዛሙርቱ ተገረሙ፤ እሱ ግን አላፈረም።

አብዱልመሊክ ይህን ብነግረው «ውኃ እንደሆነ ሃይማኖትም ጾታም አያውቅ፤ የሚያውቀው ቁልቁል ብቻ ነው» ብሎ ሳቀ። በሚቀጥለው ሳምንት የቦይ ጠረጋ ነው፤ አካፋ ያለው ሁሉ ይወጣል።

ወረቀቱ አለቀ፤ በሌላ እቀጥላለሁ።

እመቤታችን በዮሴፍ ጥበቃ ሥር ነበረች። ገብርኤል ወደ ናዝሬት ሲመጣ ግን ዮሴፍን አላስፈቀደም። የነገረው ለእሷ ነው፤ እሺ ያለችውም እሷ ናት። ዮሴፍ የሰማው ከሆነ በኋላ ነው፤ ያውም ተጠራጥሮ ሊተዋት ካሰበ በኋላ። እኔ ራሴን ከእሷ ጋር አላስተካክልም፤ የእግሯ ትቢያ አይደለሁም። ነገር ግን ከላይ የሚሰጥ ሥራ ለሚሠራው ሰው እንደሚነገር ከዚህ ተምሬአለሁ። አንተን የጠየቅኩት ስብሰባው ስላዘዘና ታላቄ ስለሆንክ ነው።

ደግሞ ይህን እወቅ። ከላይ ቦይ አንድ ሰው ያለ ተራው መክፈት ጀምሯል። ጭቃው ላይ የጎማ ዱካ አለ፤ በዚያ በኩል መኪና ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ስሙን አልጽፍም፤ ወረቀት በብዙ እጅ ያልፋል።

ሌላው፣ በደብዳቤህ የሔለን ሰላምታ አልነበረበትም። እሷ ሰላምታ የምትረሳ ሰው አይደለችም። አሟታል እንዴ? እሷን ሳትጠቅስ አትጻፍልኝ።

እህትህ ዓይናለም

*

ስቱትጋርት፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 2016 ዓ.ም.

በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም፣ አሜን።

ለእህቴ ለዓይናለም፣ ልቡና ይስጥሽ፤ ለእኔም ይስጠኝ።

ርብቃን ጠቅሰሻል። ርብቃ ግመሎቹን ካጠጣች በኋላ ወደ ባሏ ቤት ነው የሄደችው። ሳምራዊቷም እንስራዋን ጥላ ሄዳለች። ጥቅስ ስትመዢ እስከ መጨረሻው ምዘዢ።

አብዱልመሊክን ማን ነገረህ ብለሻል። ማንም ይንገረኝ፤ ሐሰት ነው አላልሽም። አሁን ደግሞ የባሰ ሰማሁ። በጠረጋው ቀን ሙስሊሞቹ ካረዱት ፍየል ቆርሰሽ በልተሻል ተብሏል። የአባባ ልጅ ይህን ታደርጋለች ብዬ አልጠብቅም፤ ግን ባል የሞተባት ሴት ከቤት ስትወጣ ምን ላይ እንደምትደርስ አይታወቅም። ማተብሽ አንገትሽ ላይ አለ? ይህን መልሺልኝ።

ሌላም አለ። በመጀመሪያው ደብዳቤሽ ለሔለን ጤና ተመኝተሽ ነበር። በሁለተኛው ስሟን እንኳ አላነሳሽም። ሰው የሚዘለው የሚያውቀውን ነው። ምን ሰምተሻል? ከማን?

ወንድሙ ከልደት በኋላ ሽማግሌ ይልካል። እሺ በይ። ያኔ ሁለት መስመር አይደለም፣ ሁለት ገጽ እጽፋለሁ።

ወንድምሽ ሙሉቀን

*

ሸዋ ሮቢት፣ ታኅሣሥ 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ሙሉቀን፣

እንኳን ለጌታችን ልደት አደረሰህ።

ይህ ደብዳቤ በወንድሙ አልመጣም። የአብዱልመሊክ ልጅ ኑርሃን አዲስ አበባ ነርስነት ትማራለች። እናቷን ልትጠይቅ መጥታ ነገ ትመለሳለች። በራሷ ስልክ ፎቶ አንስታ ትልክልሃለች። «እትዬ፣ እያነበብኩ ላንሳው ወይስ ዓይኔን ጨፍኜ?» አለችኝ። «ዓይንሽን ጨፍነሽ ካነሳሽው አውራ ጣትሽ ነው የሚደርሰው፤ አንብቢ» አልኳት። ሌላ ተሸካሚ እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም።

የኅዳሩ ደብዳቤዬ ሁለት ወረቀት ነበር። አንተ የመለስክልኝ ለአንደኛው ብቻ ነው። ስለ ሔለን የጠየቅኩት በሁለተኛው ነው። ስለ ገብርኤል የጻፍኩትም፣ ያለ ተራው ስለሚከፍተው ሰው የጻፍኩትም እዚያው ላይ ነበር። ሐሳቡን ስለማስታውሰው እንደገና ጽፌ ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ፤ አንብበውና ማን ሊደብቀው እንደሚፈልግ ራስህ ፍረድ። ስለ ሔለን ምንም አልሰማሁም። አሁን ግን አንተው ራስህ አንድ ነገር እንዳለ ነገርከኝ።

ስለ ፍየሉ። ጋሼ፣ አንተ ዲያቆን ነበርክ። ጠረጋው የተደረገው በነቢያት ጾም ነው! እነሱ ፍየላቸውን አረዱ፤ እኛ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመን ንፍሮ በላን። እንኳን የሙስሊም ፍየል የክርስቲያን እንቁላል የቀመሰ አልነበረም። ወሬውን የፈጠረው ሰው ጾም መሆኑን ዘንግቷል። ምን እየበላ ሰንብቶ ይሆን? እሱስ ይዘንጋ፤ አንተ እንዴት አመንከው?

ሽማግሌ መጥቷል። «አስቤ እመልሳለሁ» ብዬ ሸኘሁ። ያሰብኩት ግን ስለ ወንድሙ አይደለም፤ ስለ አንተ ነው። ደብዳቤህ የሚደርሰኝ በኮምፒውተር ታትሞ ነው። የኮምፒውተር ፊደል የማን እጅ እንደሆነ አይታወቅም። ገጽ የሚያስቀር ሰው መስመር መጨመር ያቅተዋል? ወንድሙን አግቢ የሚለው ያንተ ነው ወይስ መንገድ ላይ የገባ? ማተብሽ አለ ወይ የሚለውስ? ከአንድ እናት ጡት የጠባ ሰው ይህን ይጽፋል ብዬ ማመን አቅቶኛል።

በእጅህ ጻፍልኝ። ኑርሃን ፎቶውን አትማ ለአባቷ ትልካለች።

እህትህ ዓይናለም

*

ስቱትጋርት፣ ጥር 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ዓይናለም፣

በጥምቀቱ ይባርክሽ። እጄን ታውቂዋለሽ፤ ፊደል ያስቆጠርኩሽ እኔ ነኝ።

አዲሱ ገበያ ያለውን ሰው ጠየቅኩት። የደረሰው አንድ ወረቀት ብቻ ነው፤ ፖስታውም ተከፍቶ ነበር። «በሌላ እቀጥላለሁ» ያልሽው ሌላ ደብዳቤ መስሎኝ ነበር። ሁለተኛውን ያስቀረው ወንድሙ ነው። የአብዱልመሊክም የፍየሉም ወሬ የእሱ ነው፤ በስልክ የነገረኝ ከአዲስ አበባ ሆኖ ነው። ስለ ጾሙ ያልሽው እውነት ነው፤ እኔም እየጾምኩ ነበር የሰማሁት፤ ቀኑን አላሰብኩም።

የቀረው ግን የእኔ ነው። አግቢው ያልኩት እኔ ነኝ። ሐሳቡንም ለእሱ መጀመሪያ ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ እሱ አልጠየቀኝም። ማተብሽን የጠየቅኩሽም እኔ ነኝ። መንገድ ላይ የገባ ቃል የለም።

ሔለን ከመስከረም ጀምሮ ቤት የለችም። ሌላ ከተማ የአውቶቡስ ሹፌር ሆና ተቀጥራለች። እንዳትሄድ የማውቀውን ሁሉ ነገርኳት፤ ለአንቺ የጻፍኩትን ያህል፣ ከዚያም በላይ። «እግዚአብሔር ለምን እንደፈጠረኝ ለአንተ ብቻ ነው የነገረህ?» ብላኝ ነው የወጣችው። በጉባኤው የሚያውቅ ሰው የለም። በየሳምንቱ ተነሥቼ ስለ ሴት ጸጋ አስተምራለሁ፤ ሔለን የት ናት ሲሉኝ ሥራ ላይ ናት እላለሁ። ይህስ ሐሰት አይደለም።

ላንቺ ፈርሜ ለእሷ ምን እላለሁ? ለአንዲት ሴት ሂጂ ለሌላዋ ተመለሺ ማለት አልችልም። አልፈርምም። ስለ ገብርኤል ለጻፍሽው መልስ ፈልጌ አላገኘሁም። መልስ ማጣቴ ግን አያስፈርመኝም።

ሙሉቀን

*

ሸዋ ሮቢት፣ ጥር 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ሙሉቀን፣

ሰላሙን ያብዛልህ። በእጅህ ስለጻፍክ አመሰግናለሁ። ካነበብኩት በኋላ የታተመው ይሻለኝ ነበር ብዬ አስቤአለሁ። ሌላ ሰው የጻፈው ነው ብዬ ሌላ ሰው መጥላት ቀላል ነበር።

የማርያም ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ከሾላው ሥር ተሰበሰብን። የላዩም የታቹም ሙሉ ነበር። መምሬም መጥተው ነበር። ወንድሙ ገና ሰው ሳይቀመጥ «የወንድሟ ደብዳቤ የታለ?» አለ። የምታውቀውን ነገር ለምን ትጠይቃለህ ልለው ነበር፤ ተውኩት።

«ወንድሜ አልፈረመም» አልኩ።

እንዲህ በግልጽ እናገራለሁ ብሎ የጠበቀ አልነበረም መሰለኝ። «እንግዲያው ጉዳዩ አልቋል፤ ሌላ እንምረጥ» አለ ወንድሙ። የላይኞቹ ስም መጥራት ጀመሩ።

እትዬ ፀሐይን አትረሳትም፤ የክርስትና እናቴን፣ ከተማ መናኸሪያው በር ላይ ጠላ የምትሸጠዋን። ማን እንደነገራት አላውቅም፤ በባጃጅ መጥታ ሴቶቹ መሐል ተቀምጣ ነበር። በትሯን ተደግፋ ተነሣች።

«ዋስ ነው የጎደላችሁ? እኔ አለሁ።»

ሳቁባት። «እማማ፣ ሴት ለሴት ዋስ?» አለ ወንድሙ። «ዕውር ለዕውር መንገድ ቢያሳይ ምን ይሆናል?»

«አንተ ልጅ፣ እናትህ ስትወልድህ ያዋለድኳት እኔ ነኝ፤ ያን ቀን ዕውር ብሆን ኖሮ ዛሬ ባላወራህ» አለችው። ሰዉ በሳቅ አውካካ። እሷ ግን አልሳቀችም። «ይቺን ልጅ በሰማንያ ቀኗ ታቅፌ ቤተ ክርስቲያን ስገባ ማን ነበር ዋሷ? ስለ እሷ ሃይማኖቱን የመሰከርኩት እኔ ነኝ። ፊቴን አዙሬ ሰይጣንን የካድኩላት እኔ ነኝ። አባቷ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ማንም አልጠየቀው። ሰይጣንን ለመካድ የበቃ ቃሌ ለሽንኩርት ውኃ አነሰ?»

ሁሉም ወደ መምሬ ዞረ። ወንድሙ አብሯቸው በሰበካ ጉባኤ እንደሚቀመጥ ሁላችንም እናውቃለን፤ ወደየት እንደሚያጋድሉ አላወቅኩም ነበር።

«ሥርዓቱ እንዲሁ ነው» አሉ መምሬ። «ለሴት ልጅ የክርስትና አባት አንሰጥም፤ የክርስትና እናት ነው የምንሰጥ። ቤተ ክርስቲያን በእግዚአብሔር ፊት ሴትን ለሴት ዋስ አድርጋ ትቀበላለች። ቦዩ ከቤተ ክርስቲያን በላይ ካልሆነ በቀር የምጨምረው የለኝም።»

አብዱልመሊክ ከታች በኩል «እኛ በሥርዓታችሁ አንገባም» አለ፤ «ግን ዋስ ተገኝቷል ወይስ አልተገኘም? ፀሐዩ ጠነከረ።»

ተገኝቷል ተባለ። ሁሉም አልተስማማም። ከላይ ጥቂት ሰዎች ተነሥተው ሄዱ። አንድ ሽማግሌ «ታዲያ ምን ብለን ልንጠራት ነው? የውኃ እናት?» ቢል እትዬ ፀሐይ «አባት ብላችሁ ጥሯት። ስሙን ስታሳንሱ ሥልጣኑንም ታሳንሳላችሁ፤ እኔ እናንተን አውቃችኋለሁ» አለች።

ለወንድሙ ሽማግሌዎች መልሴን ሰጥቻለሁ። አላገባም። ስብሰባው ሲበተን አጠገቤ አልፎ «ሚያዝያ ላይ እንተያያለን» አለኝ፤ ወንዙ የሚደርቅበትን ወር ማለቱ ነው። እኔም አልጠረጥረውም አልልህም። በየጠዋቱ የቦዩን ራስ አያለሁ፤ እሱም ከማሳው ሆኖ እኔን ያያል። እንግዲህ እንዲህ ነው የምንኖረው።

ትናንት ተራው የወንድሙ ነበር። ውኃውን በሰዓቱ ከፈትኩለት፤ ማሳው እስኪጠግብ ቆሜ ጠበቅኩ። ከዚያ በኋላ ነው ይህን ደብዳቤ ለአዲሱ ገበያ አድርስልኝ ያልኩት። አስቀድሜ ብሰጠው ውኃን በደብዳቤ ሸጠች ይባል ነበር። ሳላሽግ ነው የምሰጠው። ያንብበው፤ ስለ እሱ ከጻፍኩት በፊቱ የማልለው የለበትም። ይኸኛውም ገጽ ይጎድል እንደሆነ አላውቅም። ከጎደለ ንገረኝ፤ ግልባጩን ኑርሃን ትልክልሃለች።

አልፈርምም ስላልከኝ አልቀየምኩህም ብል ውሸት ነው፤ ተቀይሜአለሁ። ጾም ሲመጣ ይቅር እልህ ይሆናል።

ለሔለን ምን እላለሁ ብለህ ጽፈሃል። እንዴት ነሽ በላት። ከዚያ ዝም በል፤ እሷ ትናገር።

እህትህ
የውኃ አባት ዓይናለም ይልማ